ከቋቱ ሥር የተኛው ውሃ

ነዳጅ ቀጂው ከማደያው የተባረረው በእኔ ቃል ነው። ሌላ ምስክር አልቀረበበትም፤ ሌላ ምስክር ይቅረብ ያለም አልነበረም። በሰፈራችን ስለ ሞተር እኔ አንድ ነገር ከተናገርኩ ክርክሩ እዚያው ያበቃ ነበርና፣ በዚያ ከሰዓት በኋላ ከአፌ የወጣች አንዲት ዓረፍተ ነገር አንድ ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆመበትን ሥራ አሳጣችው።

ጋራዤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በአናጢው ቤትና በወፍጮ ቤቱ መካከል ነው። ሁለት መኪና ያስገባል፤ ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። የምሠራው ሞተራቸው ከኋላ የሆነ፣ ውሃ የማያውቁ፣ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዙ አሮጌ መኪኖችን ነው። እነዚህ መኪኖች ራዲያተር የላቸውም። ሲሊንደሮቻቸው ዙሪያቸውን ስስ የብረት ክንፍ ለብሰዋል፤ ማራገቢያው በክንፎቹ መካከል አየር እየነዳ ሙቀቱን ያስወጣል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ውሃ ስለሌላቸው ውሃ አፈሰሱ ተብሎ አይታሙም፤ ነገር ግን ሙቀታቸውን የሚጋራቸው ስለሌለ ቤንዚኑ ሲሳሳባቸው ወይም ያለ ጊዜው ሲፈነዳባቸው ፈጥነው ይጎዳሉ። በከተማው የቀሩት አሥራ አንድ ብቻ ነበሩ። አሥራ አንዱም የሚታከሙት እኔ ዘንድ ነበር።

ሰዎች «ጋሽ ጆሮ» ይሉኛል። የረጅሙን ካቻቪቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስለማዳምጥ ነው። ልብስ ሰፊ የሆነችው ባለቤቴ በዚህ ስም ትስቃለች። «የሰው ሞተር ሲያስነጥስ ከሁለት መንገድ ማዶ ይሰማል፤ እኔ ከጎኑ ሆኜ ስጠራው ግን አይሰማም» ትላለች። እኔ ግን ስሙን እወደው ነበር። ከመጠን በላይ እወደው እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

አልኮል የተቀላቀለበት ቤንዚን ወደ ማደያው የመጣው የዝናቡ ወራት ሊገባ ሦስት ወር ሲቀረው ነበር። ከአሥር እጅ ዘጠኙ ቤንዚን፣ አንዱ እጅ ኤታኖል ነው ተባለ። ደንበኞቼ ደነገጡ። ቶሎቶሎ የምንለው ባለታክሲ መጥቶ «ጋሽ ጆሮ፣ እንግዲህ ትራፊክ ቢያስቆመኝ እፍ በል የሚለው እኔን ነው መኪናዬን?» ብሎ ሰዉን አሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም፤ ጉዳዩን ተምሬው ነበርና። ነዳጅ አከፋፋዩ ባለሙያ ልኮ ለመካኒኮች የግማሽ ቀን ማብራሪያ ሲሰጥ ከፊት ወንበር ተቀምጬ አዳምጫለሁ። ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ ሲሊንደር ውስጥ ሲጨመቅ፣ የካንዴላው እሳት ሳይደርሰው በራሱ ከመፈንዳት የሚታገሥበት ልክ ነው። ትዕግሥቱ ያነሰ ቤንዚን ቀድሞ ይፈነዳል፤ ፒስተኑ ገና ሽቅብ እየወጣ ሳለ አናቱን ይለዋል፤ ዳገት ላይ ቆርቆሮ ውስጥ እንደ ተጣለ ጠጠር የሚንኳኳው ይህ ነው። አልኮል ይህን ትዕግሥት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጣጣው ሌላ ነው። አልኮል ያለበት ቤንዚን ሲነድ ከቀድሞው ይሳሳል፤ ስለዚህ በካርቡሬተሩ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ በጥቂቱ መስፋት ይኖርባታል፤ ያለዚያ ሞተሩ ይግላል። ደግሞም አልኮል ውሃ ይወዳል፣ የቆየ ጎማም ይበላል።

ይህን ሁሉ ለአሥራ አንዱም አስረዳሁ። የአሥራ አንዱንም ቀዳዳ አሰፋሁ፤ ቤንዚን የሚያልፍባቸውን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ አውጥቼ ባለሙያው ባሳየን ዓይነት ተካሁ። ሥራው ሲያልቅ «ከእንግዲህ በመኪናችሁ ውስጥ አልኮል የሚበላው አንዲት ጎማ የለችም» አልኳቸው።

አንዲት ነበረች። የነዳጁ ቋት መክደኛ ከሥሩ ክብ ጎማ አለው፤ ቋቱን ከዝናብና ከአቧራ የሚከለክለው እሱ ነው። እኔ ያንን ጎማ ከአሮጌ ካላማዳሪ፣ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ በመቀስ ቆርጬ መሥራት ከጀመርኩ አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ያገኘሁት ዘዴ ነው፤ ከፋብሪካው ይበልጣል እየተባልኩ ኖሬበታለሁ። ቤንዚኑ እዚያ ድረስ አይወጣም፣ የሚነካው ትነቱ ብቻ ነው ብዬ አለፍኩት። በማብራሪያው ቀን ስለ ትነቱ ልጠይቅ እጄን ብድግ አድርጌ እንደነበር አስታውሳለሁ። አንድ ሽማግሌ ስለ ካላማዳሪ ሲጠይቅ ወጣቶቹ ይሳሳቁብኛል ብዬ አንገቴን እንዳከከ ሰው መልሼ አወረድኩት።

ከአሥራ አንዱ መኪኖች አንዷ የአዋላጇ ነበረች። አዋላጇ ስድሳ ዓመት የሚጠጋት፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሥራዋን የምትወድ ሴት ናት። የመኪናዋ የቋት መክደኛ ከፊት ለፊት፣ ኮፈኑ አጠገብ ሰማይ ሰማይ እያየ የሚቀመጥ ዓይነት ነው። በዚያ የዝናብ ወራት ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት ከቤት ዋለች፤ መኪናዋም ቋቷ ከሩብ በማይበልጥ ቤንዚን ግቢ ውስጥ ያለ መጠለያ ቆመች። እግሯ እንደ ዳነ በጠዋት ማደያው ሄዳ ሃያ ሊትር አስቀዳች። ወዲያው ከዳገቱ ላይ ካሉት ቤቶች በአንዱ አንዲት ሴት ምጥ ይዟታል ተብላ ተጠራች። መኪናዋ ዳገቱን እንደ ጀመረች አሳላት፣ ተንኳኳች፣ ከግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። አዋላጇ ቦርሳዋን ይዛ፣ ገና ባልጠናው እግሯ እያነከሰች ወጣች። ስትደርስ ሕፃኑን አንዲት ጎረቤት በእጇ ተቀብላው ነበር። እናትም ልጅም ደህና ነበሩ። አዋላጇ ግን ደህና አልነበረችም።

ቶሎቶሎ መኪናዋን በገመድ ጎትቶ አመጣት። አዋላጇ ከኋላ ደረሰች፤ በመንገዷ ማደያው ገብታ ተቆጥታ የማደያውን ባለቤት አስከትላ መጣች። አባቱ ሞቶ ማደያውን የወረሰ፣ አርባ ዓመት የማይሞላው፣ ጥንቁቅ ሰው ነው። አናጢውም ሥራውን ትቶ ወጣ። ሰው ሲሰበሰብ እኔን ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አይገባኝም።

«ከየት ቀዳሽ?» አልኳት።

«ከማደያው ነዋ። ከየት ልቅዳ፣ ከጉድጓድ?»

ሞተሩን አስነሳሁት። አሳለው፤ ያዘ፤ ጥቂት ዞረ። ነዳጁን ጫን ስለው ያ የጠጠር ድምፅ መጣ። ካቻቪቴዬን እንኳ አላነሳሁም። መክደኛውንም አልከፈትኩም። ከመኪናዋ ሥር ገብቼ የቋቱን ማፍሰሻ ፈታሁና በብርሌ ጠርሙስ ቀድቼ ወጣሁ፤ ወደ ፀሐይም አነሳሁት። ከላይ ቢጫ ቤንዚን፣ ከሥር ደግሞ ሦስት ጣት የሚያህል ደፍረስ ያለ ፈሳሽ ለሁለት ተከፍሎ ቆሟል።

«ውሃ ነው» አልኩ። «ውሃው አልኮሉን ስቦ ይዞት ወርዷል። አልኮሉ ሲሄድ ኦክቴኑም አብሮ ሄዷል። የምትንኳኳው ለዚህ ነው።»

የማደያው ባለቤት ጠርሙሱን ተቀብሎ ብዙ አየው። «ጋሼ፣ ከእኔ ማደያ ነው የሚሉኝ?»

ይህችን ጊዜ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሼ እንዳየኋት እኔ ነኝ የማውቀው። «ቆይ፣ ገና መክደኛውን አላየሁም» ማለት ይቻል ነበር። «ዛሬ ከዚያው የቀዱ ሌሎች መኪኖችስ?» ብሎ መጠየቅም ይቻል ነበር። እኔ ግን ሰዉ ሁሉ እያየኝ ነበርና «ዛሬ ጠዋት ከአንተ ከቀዳችው በቀር ምን ገብቶባታል?» አልኩት።

የማደያው ባለቤት ነዳጅ ቀጂውን አስጠራው። ቀጂው ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ሊትሩን ሳያጎድል ሳይጨምር የሚቀዳ ሰው ነበር። የማደያ ሥራ ደንብ አለው። በየጠዋቱ ከመከፈቱ በፊት ቀጂው ረጅሙን የመለኪያ ዘንግ ጫፉን ልዩ ቅባት ቀብቶ ከመሬት በታች ወዳለው ጋን ይሰዳል፤ ከጋኑ ወለል ውሃ ካለ አረንጓዴው ቅባት ይቀላል፤ ቅባቱ ከቀላ አይሸጥም። በዚያ ቀን ደግሞ ጋኑ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እኩለ ቀን ላይ ቦቴ መጥቶ ሞልቶታል፤ ስለዚህ ጠዋት ከሥሩ ምን እንደነበረ ከእንግዲህ ሊያውቅ የሚችል የለም። የቀረው ነገር ቀጂው ጠዋት ለክቶ ነበር ወይስ አልለካም የሚለው ብቻ ነበር።

«ጠዋት ዘንጉን ሰደሃል?» አለው ባለቤቱ።

ቀጂው መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ከዚያ ጠርሙሱን አየ፤ ከጠርሙሱም ወደ እኔ ተመለከተ። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አላገኘሁም።

«ጋሽ ጆሮ ውሃ ነው ካሉ ውሃ ነው» አለ። «እንግዲህ ረስቼው ይሆናል።»

ረስቼው ይሆናል ባለበት ቁልፉን አስረከበ። አዋላጇ «እኔ ሰው ይባረር አላልኩም» ስትል ሰማኋት፤ ነገር ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር፣ እግሯንም ያማት ነበር።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ቋቱን አጥቤ አዲስ ቤንዚን ልሞላ መክደኛውን ፈታሁ። ጎማው ከእጄ ጋር ተጣበቀ። እንደ ታኘከ ማስቲካ ሆኗል፤ በአንድ በኩል ተበልቶ ጣት የምታህል ክፍተት ከፍቷል፤ በመክደኛው አንገት ዙሪያ የዝናብ ውሃ የተንጠባጠበበት የዝገት መስመር አለ። የስድስት ሳምንት ዝናብ በእኔ መቀስ ሥራ በኩል ገብቶ ከቋቱ ሥር ተኝቷል። ቀጂው የቀዳላት ንጹሕ ቤንዚን ደግሞ አልኮሉን ለዚያ ውሃ ገበረ።

ጎማውን ኪሴ ከተትኩት። ማንም አላየኝም።

በማግስቱ አዲስ የፋብሪካ ጎማ ፈልጌ የአሥራ አንዱንም መክደኛ ቀየርኩ። «ለጥንቃቄ ነው፤ ከእኔ ይሁን» አልኳቸው። አመሰገኑኝ። ቶሎቶሎ «እንዲህ ያለ መካኒክ ከየት ይገኛል» እያለ ለመንገደኛው ሁሉ ሲያወራ ከመኪናው ሥር ተኝቼ ሰማሁት፤ ከዚያ ሳልወጣ ብዙ ቆየሁ።

ለራሴ የያዝኩት ማመካኛ ምናልባት የምትል ቃል ነበረች። ምናልባት የዝናቡ ውሃ ጥቂት ነው፤ ምናልባት በማደያውም ጋን ውስጥ ውሃ ነበረ፤ ምናልባት ከሁለቱም ነው። ይህችን ቃል ለሰባት ወር እንደ ከዘራ ተደገፍኩባት። ሞተር ሲሆን ግን ምናልባት የሚል መካኒክ ሲያጋጥመኝ ከጋራዤ አስወጣ የነበርኩት እኔው ነበርኩ።

በሁለተኛው ወር ቀጂው ጋራዤ መጣ። ከጅምላ መጋዘን ጆንያ ማውረድ ጀምሮ ነበር፤ ትከሻው ላይ የዱቄት ብናኝ ነበረበት። በዚያ ዕድሜ ጆንያ መሸከም ምን እንደሆነ ጀርባውን ሲያቀና ከፊቱ አነበብኩት። በርጩማ ሰጠሁት።

«ሥራ አላስፈታዎትም፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው» አለ።

«ጠይቅ።»

«ያን ቀን ጠዋት ዘንጉን ስጠርገው ትዝ ይለኛል። ጨርቁ አረንጓዴ ነበር። ግን የዚያን ቀን ይሁን፣ የዚያ ቀን ዋዜማ ይሁን... አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየጠዋቱ ያደረግኩት ነገር ስለሆነ ቀኖቹ ተደባለቁብኝ። ውሃው ብዙ ነበር?»

«ሦስት ጣት ያህል።»

«እሱን አይደለም። ጋኑ ውስጥ ማለቴ ነው። እርስዎ ከጠርሙሱ አይተው ጋኑ ውስጥ ስንት እንደነበረ መገመት ይችላሉ? ትንሽ ከነበረ ቅባቱ ስቶት ይሆናል። ብዙ ከነበረ ግን አልለካሁም ማለት ነው።»

እጄ ላይ ካርቡሬተር ይዤ ነበር፤ ጠረግሁት፤ የተጠረገውን መልሼ ጠረግሁት። «መገመት ያስቸግራል» አልኩ።

«ልክ ነው፣ ያስቸግራል» አለ። ከዚያ እንደ ማፈር ብሎ ፈገግ አለ። «ይገርምዎታል፣ ለእናቴ መድኃኒት መስጠት ትቻለሁ። ድሮ ጠዋትና ማታ የምሰጣት እኔ ነበርኩ። አሁን ሰጥቻት እንደሆነ እረሳለሁ፣ ሁለት ጊዜ እሰጣታለሁ ብዬ ስለምፈራ ለሚስቴ ትቼላታለሁ። ሚስቴ አርጅተሃል ትለኛለች።»

«አላረጀህም።»

«እንግዲህ።» ተነሣ። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሳይሰድቡኝ ያነጋገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

እስከ በሩ ሸኘሁት። ሥራውን መቀማቴን እስከዚያች ቀን አውቅ ነበር። በራሱ ላይ የነበረውን እምነት ጭምር እንደ ቀማሁት ያወቅሁት ግን ያን ጊዜ ነው። ዝም ብዬ ስላየሁት ደግሞ በዚያች ቀን ሁለተኛ ጊዜ ቀማሁት።

ነገሩን በአቋራጭ ለማስተካከል ሞከርኩ። የማደያው ባለቤት ዘንድ ሄድኩ። ቢሮው ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ መስኮቱ በቀጥታ ወደ መቅጃው የሚያሳይ።

«ያን ሰው ብትመልሰው» አልኩት። «አንድ ቀን መሳሳት በሰው ያለ ነው። ቤተሰብ አለው።»

«እኔም አዝኛለሁ ጋሼ» አለ። «አባቴ የቀጠረው ሰው ነው፤ ሳስወጣው እንቅልፍ አጥቻለሁ። ግን እርስዎ ራስዎ ጠርሙሱን አሳይተውኝ፣ ከተማው ሁሉ ሰምቶ፣ አሁን ብመልሰው ሰዉ ምን ይለኛል? ውሃ የሸጠውን መለሰው ነው የሚለው። ጠርሙሱ ዋሽቷል ካላሉኝ በቀር እንዴት አደርጋለሁ?»

ይህ ሰው በሩን ከፍቶ ቁጭ ብሎ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠብቀው፤ ምን እንደሚጠብቅ እንኳ አያውቅም። እኔ ባርኔጣዬን አነሳሁና «እስቲ አስብበት» ብዬው ወጣሁ። የሚያስብበት ነገር እንደሌለ እያወቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ማደያው ጋራዤ አፍንጫ ሥር ሆኖ ሳለ ቤንዚን ለመግዛት ከከተማው ዳር ወዳለው ማደያ መሄድ ጀመርኩ። ወደ ጅምላ መጋዘኑ የሚወስደውንም መንገድ ተውኩት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ባለቤቴ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ማለቴ ነው፣ መጋረጃ እየሰፋች ድንገት እግሯን ከመርገጫው አነሳችና ጠየቀችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለጀሪካን ቤንዚን ያን ሁሉ መንገድ የምትዞረው ምን ዕዳ ቢኖርብህ ነው?»

«የዚያኛው ይሻላል።»

«የሁለቱንም የሚያመጣው አንድ ቦቴ ነው። ያልከኝ አንተው ነህ።»

ነገርኳት። ከማብራሪያው ቀን እጄን ከማውረዴ ጀምሬ፣ እስከ ካላማዳሪው፣ እስከ ቀጂው ጥያቄ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እሷ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አላወጣችም፤ እጇን እላዩ ላይ አሳርፋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ስጨርስ ትንፋሼ ረዘም ብሎ ሲወጣ ሰማችው መሰለኝ።

«ለእኔ ስትነግረኝ ቀለለህ?» አለችኝ።

«ትንሽ።»

«እንግዲያው ባልሰማሁህ ይሻል ነበር» አለች። «ሊቀልልህ የሚገባው እዚህ አይደለም። ምሕረት ልትለምንለት ሄድክ አልክ? ሰውዬው ምን አድርጎ ነው ምሕረት የሚለመንለት?»

«ልነግረው እየፈለግኩ...»

«ፍላጎትህን አልጠየቅሁህም። የት ነው ቤቱ?»

«ከመጋዘኑ ጀርባ።»

«እንግዲያው ገና ፀሐይ አለ» አለችና እግሯን መርገጫው ላይ መልሳ መስፋቷን ቀጠለች። ኮቴን ለብሼ እስክወጣ ቀና ብላ አላየችኝም።

ቀጂውን ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣ አገኘሁት። ሚስቱ ከበሩ አጠገብ ባልዲ አስቀምጣ ታጥባለች። ሲያየኝ እጁን በሱሪው ጠራርጎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

«ይግቡ ጋሼ፣ ይግቡ። እንግዳ መጥቷል» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ።

«አልገባም፤ እዚሁ ቆሜ ልናገር» አልኩ። ከተቀመጥኩ አንደበቴ እንደሚታሰር አውቅ ነበር። «ውሃው ከማደያው አልነበረም። ከአዋላጇ መኪና መክደኛ የገባ ዝናብ ነው። መክደኛውን የማይሆን ጎማ ያደረግሁበት እኔ ነኝ። አልኮሉ በላው፤ ቀዳዳ ከፈተ። ያንተ ቤንዚን ንጹሕ ነበር።»

የእጥበቱ ድምፅ ቆመ። ቀጂው እርጥብ ሸሚዝ በአንድ እጁ ይዞ ነበር፤ ውሃው ጫማው ላይ ይንጠባጠባል።

«መቼ ነው ያወቁት?» አለ።

«በዚያው ቀን። እናንተ እንደ ሄዳችሁ።»

«ጋራዥ መጥቼ ስጠይቅዎ...»

«አውቅ ነበር።»

ሸሚዙን ገመዱ ላይ ሰቀለው። አንገትጌውን አስተካከለ፤ እጅጌውን አስተካከለ። ሚስቱ በባልዲው ላይ እንዳጎነበሰች «እኔ አንድ ቀንም አላመንኩ» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለእሱ አልለየሁም። «በሰዓት እንጂ ጥርሱን እንኳ የማይፍቅ ሰው፣ ዘንግ ይረሳል? ጋሽ ጆሮ ብለዋል፣ ጋሽ ጆሮ ብለዋል አለኝ። ከሰባት ወር አንድ ቀን የእኔን ቢሰማ።»

ይቅርታ ልጠይቅ ስል ቀጂው እጁን በትንሹ አነሳ፤ ቆይ የሚል እጅ ነበር።

«ይቅርታውን በኋላ እናየዋለን» አለ። «ያን ጊዜ የተናገሩት ሰው በተሰበሰበበት ነው። አሁን እዚህ ለልብስ ገመድ ቢነግሩት ማን ይሰማል?»

«ልክ ነህ።»

«ሰኞ ጠዋት፣ ሰልፉ ሲረዝም። እርስዎ ይናገሩ። እኔ እቆማለሁ።»

ሰኞ ጠዋት የማደያው ሰልፍ እስከ መታጠፊያው ደርሶ ነበር። ለአዋላጇ አስቀድሜ ነግሬያት መጥታለች። ስነግራት ብዙ አልተቆጣችም፤ «ያን ዳገት በዚያ እግሬ ያስወጣኸኝ አንተ ነህ ማለት ነው» ብላ ብቻ መኪናዋን ወደ ሌላ መካኒክ እንደምትወስድ ነገረችኝ። ተገቢ ነበር። ቶሎቶሎም ከመኪናው ወርዶ በሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል። የማደያው ባለቤት ከቢሮው ወጣ። ቀጂው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ከመቅጃው አጠገብ፣ ነገር ግን ከመቅጃው አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር።

በቀጂው ግቢ የተናገርኩትን ደገምኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቃሉን ሳልቀንስ፤ ኪሴ ስለ ከተትኩት ጎማም ስለ ሰባቱ ወርም ተናገርኩ። በመካከሉ አንድ ሰው «አሃ» ሲል ሰማሁ። ሰልፉ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ሞተሩን አጠፋ። ቶሎቶሎ ሁልጊዜ ቀልድ የማይጠፋበት ሰው፣ ያን ቀን የጫማውን ጫፍ ያይ ነበር።

ስጨርስ የማደያው ባለቤት እኔን አልፎ ወደ ቀጂው ዞረ።

«ያን ቀን ጠዋት» አለው፣ «ዘንጉን ሰደህ ነበር?»

ቀጂው እንደዚያን ቀን ወደ እኔ ያያል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላየኝም። ከእግሩ ሥር ያለውን የጋኑን ክዳን አየው፤ ከዚያ ቀና ብሎ ሰውየውን ፊት ለፊት ተመለከተው።

«ሰድጃለሁ» አለ። «ቅባቱ አልቀላም።»

«ነገ ጠዋት መምጣት ትችላለህ?»

«አሁን ያለው ልጅስ?»

«እሱም ይኖራል። ሁለት መቅጃ አለን።»

«እንግዲያው እመጣለሁ» አለ። አዋላጇን እጅ ነሣት፤ ከባለቤቱ ጋር ተጨባበጠ። በአጠገቤ ሲያልፍ «ደህና ይዋሉ ጋሼ» አለኝ፤ ለማንኛውም ሽማግሌ እንደሚባለው፤ ሳይቆም አለፈ። ይቅርታውን በኋላ እናየዋለን ያለውን አላነሳውም፤ እኔም ላስታውሰው መብት እንዳለኝ አልተሰማኝም።

ሰዉ ወደየመኪናው ተመለሰ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ጥሩምባ ተነፋ፤ ዞር ብዬ ሳይ መቅጃው ፊት፣ በመንገዱ መካከል ነበርኩ። ወደ ጎን ወጣሁላቸው።